ከእግር በታች ያለው፤ በካርቲየ 7 ቢስ የቤት ሻጭ ስለሚናገረውና ስለሚሰውረው ነገር

በጅቡቲ ከተማ፣ ከወደቡ ወደ ደቡብ በተራ ቁጥር ከተሰየሙት አሮጌ ሰፈሮች መካከል ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ቤቱን የሚሸጥ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ሳንቃውን፣ ቆርቆሮውን፣ በሩንና ግቢውን የከለለበትን አጥር እንጂ ቤቱ የቆመበትን አፈር አልነበረም፤ አፈሩ አስቀድሞ የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደር፣ ከ1977 ወዲህም የጅቡቲ ሪፐብሊክ ሀብት ሆኖ ኖሯልና። ስለዚህ አስተዋይ ገዥ ለሻጩ የሚያቀርበው ዋናው ጥያቄ ዐይን ስለሚያየው ጣሪያና ግድግዳ ሳይሆን ከእግር በታች ስላለው፣ ዐይንም ስለማያየው ነገር መሆን ነበረበት። ይህ ጥያቄ በየዘመኑ በምን ሕግና በምን ልማድ እንደ ተመለሰ፣ ቤቱ ገና ሳይሠራ በወረቀት ላይ በተነደፈ ፕላን ብቻ መሸጥ በጀመረ ጊዜም እንዴት ከቀድሞው ይልቅ እንደ ከበደ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ነው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የዚህች አገር የቅርብ ዘመን ታሪክ ራሱ የሚጀምረው የፈረመው ገዥ በዐይኑ ሳያየው በተገዛ መሬት ነው። ማርች 11 ቀን 1862 ዲኒ አሕመድ አቡበከር የተባለው የአፋር ሹማምንት መልእክተኛ ፓሪስ ድረስ ዘልቆ ከፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከቱቭኔል ጋራ ውል ተፈራረመ፤ በዚያም ውል የኦቦክ መልሕቅ መጣያ ከዙሪያው ጠረፍ ጋራ በ10,000 ማርያ ትሬዛ ብር ለፈረንሳይ ተላለፈ። ገዥው ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ያህል የገዛውን ምድር ሳይሰፍርበት ትቶት ኖረ፤ በ1884 ሌዎንስ ላጋርድ ሹም ሆኖ በመጣ ጊዜና አስተዳደሩ በተተከለ ጊዜ ግን ኦቦክ ለመርከብ ማረፊያነት ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለው ከጅቡቲ ያነሰ፣ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ለሚወጣው ነጋዴም መንገዱ የማይመች መሆኑ ታወቀ፤ በ1888 ጅቡቲ ተቈረቈረች፣ በ1892ም መንበረ መንግሥቱ ወደ እርስዋ ተሻገረ።

በዚህ ነገር ሻጩ አታልሏል ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለም። ገዥው በ1862 የፈለገው ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱ መርከቦቹ የሚያርፉበት ጠረፍ ነበር፤ ያንንም አገኘ። የኋላ ኋላ የመጣው የንግድ ዐሳብ በውሉ ውስጥ አልተጻፈም፣ ያልተጻፈውንም ዓላማ ሻጭ ሊያውቅ አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚህ ውል የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው፤ ሻጭ የመናገር ግዴታው የሚለካው ገዥ ለምን እንደሚገዛ በገለጸው መጠን ስለ ሆነ፣ ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው የሻጩን ዝምታ በራሱ ዝምታ ያጸድቀዋል።

አዲሲቱ ከተማ በቀድሞ ደሴትነታቸው በሚታወቁ ጥቂት የዛጎል ድንጋይ ኮረብታዎች ላይ ተሠራች፤ ሹማምንቱና ታላላቆቹ ነጋዴዎች ከባሕር በወጣው ነጭ ድንጋይ ሰገነት ያለው ቤት ሲሠሩ፣ በ1897 ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡር የሳባቸው ወዛደሮች፣ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ከየመን የተሻገረው ዐረብና ከደጋው የወረደው ኢትዮጵያዊ፣ በስተደቡብ ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917ም አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ እየበዛ ሄደ፤ ሰፈሮቹም በቁጥር ተከፈሉ፤ 7 ቢስም በ7ኛው ላይ ተደርቦ የተቈጠረ ሰፈር ሆነ። ሜዳው ከባሕሩ ወለል ብዙም ከፍ ያላለ፣ የአምቡሊም ደረቅ ወንዝ በአጠገቡ የሚወርድበት ነው። በዚህ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናም በአማካይ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ያ ጥቂት ዝናም በአንድ ሌሊት የወረደ እንደ ሆነ አምቡሊ ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል፣ በኤፕሪል 2004 ብዙ ነፍስ እንዳጠፋ፣ በኖቬምበር 2019ም የከተማዋን ዝቅተኛ ሰፈሮች ሁሉ በውኃ እንደ ሸፈነ። በድርቅ ዓመት ቤቱን የሚሸጥ ሰው ባለፈው ጎርፍ ውኃው እስከ የት እንደ ወጣ ያውቃል፤ ትናንት ከደጋ የወረደው ገዥ ግን በደረቀው ወለል ላይ ቆሞ ይህን ሊጠረጥር አይችልም።

በእንዲህ ያለ ሰፈር ሻጩን የሚያናግረው ኃይል ምን ነበር ብንል፣ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ጎረቤቱ ነበር። የጎሣዎቹ አለቆች በከተማው ኦካል እየተባሉ ሕዝቡን ከአስተዳደሩ ጋራ ያገናኙ ነበር፤ የውርስና የጋብቻ ክርክር በቃዲ ፊት ይቀርብ ነበር፤ ከኢሳዎች መካከል የሆነ ሰው ደግሞ ኄር ኢሴ የተባለውን፣ በቃል ብቻ ሲወራረስ የኖረውን፣ በ2024ም ዩኔስኮ ለኢትዮጵያ፣ ለጅቡቲና ለሶማሊያ የጋራ ቅርስ አድርጎ የመዘገበውን የአባቶች ሥርዓት ይዞ ይሟገት ነበር። በቃል ሕግ በሚተዳደር ሕዝብ ዘንድ ምስክር ማለት ማኅተም ማለት ነው፤ የጋራ ወራሽ ያለበት፣ ወይም በመያዣ የተያዘ ቤት በጎረቤት ፊት ሲሸጥ፣ ሻጩ ቢሰውር እንኳ የጎረቤቱ ዝምታ እንደ ሐሰት ምስክርነት ይቈጠርበታልና ነገሩ መገለጡ አይቀርም።

የአገሬው ሙስሊም የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብም በዚህ ነገር የጠራ ድንጋጌ አለው። በእስልምና ትውፊት በእጅጉ የታወቀ አንድ ነገር ይተረካል፤ ይኸውም ነቢዩ መሐመድ በገበያ በክምር እህል ውስጥ እጃቸውን ሰድደው ውስጡ ርሶ ባገኙት ጊዜ፣ የራሰው ለምን ከላይ ሆኖ ለሰው እንዳልታየ ነጋዴውን ጠይቀው ማታለሉን እንደ ገሠጹ ነው። ፈቂሆቹ፣ ማለት የሕጉ ሊቃውንት፣ ከዚህ ተነሥተው ነውሩን የሚያውቅ ሻጭ ነውሩን እንዲገልጥ አስገደዱ፣ ገዥውም የተሰወረ ነውር ያገኘ እንደ ሆነ የመመለስ መብት እንዳለው ወሰኑ። ይልቁንም ገና የሌለን ነገር መሸጥን በመሠረቱ ከለከሉ፤ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሎ ዕቃው ወደ ፊት የሚረከብበትን ሰለም የተባለውን ውል ብቻ፣ ያውም የዕቃው ዐይነት፣ መጠን፣ ጥራትና የመረከቢያው ቀን አንድም ሳይጓደል ከተነገረ፣ ፈቀዱ። የቤት ፕላን መሸጥ በዚያ ዘመን ባይታሰብም፣ ሕጉ የያዘው ፍሬ ነገር እርሱ ነው፤ ዐይን ሊያየው የማይችለውን ነገር ቃል ሙሉ አድርጎ ካልሣለው ሽያጩ ሽያጭ አይሆንም።

ከደጋ የወረደው ክርስቲያንም ባዶ እጁን አልመጣም። በ13ኛው መቶ ዓመት አስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል የተባለው ግብጻዊ ሊቅ በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ ወደ ግእዝም ተመልሶ የነገሥታት መፍረጃ የሆነው ፍትሐ ነገሥት ስለ ሠያጢና ስለ ተሣያጢ የሚናገር አንቀጽ አለው፤ በተሸጠው ነገር ነውር ቢገኝ የገዥው መብት ምን እንደ ሆነም ያመለክታል። በጎንደር ዘመን ደግሞ የመሬት ሽያጭ በየአድባራቱ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ከምስክሮችና ከዋሶች ስም ጋራ ይጻፍ ነበር። እነዚያን ጽሑፎች ያየ ሰው የሚገርመው የመሬቱ መግለጫ አጭርነትና የሰዎቹ ስም ብዛት ነው፤ የአገሩ ሰው መሬቱን ያውቀዋል፣ ጽሑፉ የሚያስፈልገው ማን ነበረ፣ ማን ሰማ፣ ማን ዋስ ሆነ ለማለት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜም፣ የአዲስ አበባ ባለቤት ከካርቲየ 7 ቢስ ባለቤት ጋራ አንድ ዕጣ ደረሰው፤ ሁለቱም ቤቱን እንጂ አፈሩን መሸጥ የማይችሉ ሆኑ።

የሮማ ሰዎች ይህንኑ ነገር በአንድ ቤት ላይ ተከራክረውበታል፤ ነገሩን ያቆየልን ቺቸሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል ነው። ቲቶስ ክላውድዮስ ቼንቱማሎስ በቼልዮስ ኮረብታ ላይ ከፍ ያለ ቤት ነበረው፤ ከግንብ ሆነው የወፎችን በረራ የሚመረምሩት ካህናት ቤቱ ዕይታቸውን ስለ ከለከለ ከፍታው እንዲፈርስ አዘዙት። እርሱም ትእዛዙን ሳይናገር ቤቱን ለካልፑርኒዮስ ላናርዮስ ሸጠው፤ ካህናቱም ገዥውን ያንኑ አዘዙት፣ ቤቱም ፈረሰ። ነገሩ ለዳኝነት የቀረበለት ማርቆስ ካቶ ሻጩ እያወቀ ስላልተናገረ ጉዳቱን እንዲክስ ፈረደ። የፍርዱ ታላቅነት በዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳው አልተሰነጠቀም፣ ጣሪያው አላፈሰሰም፤ ነውሩ በቤቱ አካል ላይ ሳይሆን ቤቱን ባጠላበት የመንግሥት ትእዛዝ ላይ ነበር። በካርቲየ 7 ቢስ መንገድ ለማስፋት ምልክት ተደርጎበት የነበረን ቤት ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፣ ከ2,000 ዓመት በፊት ከተፈረደበት ከዚያ ሮማዊ የሚለየው ነገር የለም።

የ1804 የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሁሉ በጥቂት አንቀጾች አጠቃለለው፤ ሕጉም ከቅኝ አስተዳደሩ ጋራ ወደ ጅቡቲ መጣ። አንቀጽ 1602 ሻጭ የሚገባውን ግዴታ ጥርት አድርጎ እንዲገልጥ ያስገድዳል፣ ግልጽ ያልሆነውም ቃል በእርሱ ላይ እንዲተረጐም ያዝዛል፤ ከ1641 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ሻጭን ስለ ኅቡእ ነውር ተጠያቂ ያደርጉታል፤ ነውሩን ያወቀና የሰወረ ሻጭ ዋጋውን ከመመለስ በላይ ጉዳቱን ሁሉ ይክሳል። 1642 ግን ገዥው በዐይኑ ሊያየው ለሚችለው ነውር ሻጩ አይጠየቅም ይላል። ይህች ትንሽ አንቀጽ በሳንቃና በቆርቆሮ ቤቶች ሰፈር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነች ማስተዋል ይገባል፤ በእንዲህ ያለ ቤት ዝገቱ፣ ምስጡ፣ የተጣመመው ምሰሶ ሁሉ ለዐይን የተገለጠ ስለ ሆነ፣ ሻጩ ሊናገረው የሚቀረው የመሬቱ ነገር ብቻ ነው። እርሱም በወረቀት ይታወቃል። ኦክቶበር 10 ቀን 1991 በወጡት የመሬት ሕጎች መሠረት ቦታ ከመንግሥት በጊዜያዊ ፈቃድ የተቀበለ ሰው በተወሰነለት ዘመን ሠርቶ ማልማቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የዘለቄታ ባለይዞታ የሚሆነው፣ በመሬት መዝገብም ቲትር ፎንሲየ የሚባለው ሰነድ የሚጻፍለት። ሁለቱ ወረቀቶች በገበያ ላይ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፤ ደላላው ግን ሁለቱንም ‹‹ወረቀት አለው›› በሚል አንድ ቃል ያልፋቸዋል። ደላላን ሁሉ አልወቅስም፤ ነገር ግን ሻጭ በራሱ አፍ ሊዋሽ የሚያፍርበት ነገር በሦስተኛ ሰው አፍ ሲያልፍ ኃፍረቱ እንደሚቀልለት የታወቀ ነው።

እንግዲህ ቤቱ ገና ያልተሠራ ቢሆንስ? የድሮው ሥርዓት ሁሉ በዐይንና በምስክር ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ገና ያልተሠራውን ቤት ግን ዐይን አያየውም፣ ጎረቤትም አይመሰክርለትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት ያነሰው የፈረንሳይ ሕዝብ ከፕላን ላይ መግዛትን በሰፊው ለመደ፤ መከራውም ከዚያው መጣ። በፓሪስ አጠገብ በቡሎኝ ፑዋን ዱ ዡር የተባለውን፣ ከ2,000 የሚበልጡ መኖሪያዎች ያሉበትን ታላቅ ሕንጻ የነደፈው አርክቴክት ፈርናን ፑዪዮን፣ ቤቶቹን ከሚሠራውና ከሚሸጠው ማኅበር ጋራ በገንዘብ ተሳስሮ በመገኘቱ በ1961 ታሰረ፣ በ1963ም ተፈረደበት። ሕንጻው ኋላ ቢፈጸምም፣ ነዳፊው፣ ሻጩና ገንዘብ ያዡ አንድ እጅ በሆኑበት ቦታ የገዥው ቀብድ ጠባቂ እንደሌለው አገሩ ሁሉ ተረዳ።

ስለዚህም ጃንዋሪ 3 ቀን 1967 የፈረንሳይ ምክር ቤት ገና ስለሚሠራ ቤት ሽያጭ ሕግ አወጣ። ሕጉና ማስፈጸሚያው ሻጭ ቤቱን ክፍል በክፍል፣ የሚሠራበትንም ዕቃ ዐይነት በዐይነት በጽሑፍ እንዲገልጥ አስገደዱት፤ ክፍያውንም ከሥራው ጋራ አሰሩት። መሠረቱ ሳያልቅ ከዋጋው 35 በመቶ በላይ፣ ጣሪያው ተከድኖ ውኃ የማያስገባ ሳይሆን ከ70 በመቶ በላይ፣ ሥራው ሳይፈጸም ከ95 በመቶ በላይ መቀበል አይቻልም፤ የቀረችው 5 በመቶ በርክክብ ቀን የምትከፈል፣ ክርክር ከተነሣም ገዥው በአደራ ሊያስቀምጣት የሚችል ናት። ሥራው ቢቋረጥ የሚያስፈጽም ወይም ገንዘቡን የሚመልስ ዋስትናም ተጠየቀ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በ1642 ላይ የተጨመረችው አንቀጽ ናት፤ ከፕላን የሸጠ ሰው የሥራው ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት ወይም ገዥው ቤቱን ከያዘ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ለዐይን ከሚታየው ነውር እንኳ ነጻ ሊሆን አይችልም አለች። ገዥው በገዛበት ቀን የሚያየው ነገር ስላልነበረው፣ ‹‹አይተህ ገዝተሃል›› የሚለው የጥንቱ የሻጭ መከላከያ ፈረሰ።

በዚያው በ1967 የጅቡቲ ድኻ ስለ ቤት የነበረው ጭንቀት ሌላ ነበር። ጀነራል ደጎል በኦገስት 1966 ከተማዋን በጐበኙ ጊዜ ከተነሣው ሁከት በኋላ አስተዳደሩ ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጥሮ ከውጭ የሚመጣውን ሰው ከለከለ፤ ማርች 19 ቀን 1967 በፈረንሳይ ሥር ስለ መቆየት ወይም ስለ መለየት የሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሲሰጥም አጥሩ ቆሞ ነበር። መግባት ያልቻለው ሰው ከአጥሩ ውጭ ባልባላ በተባለው ቦታ በካርቶንና በቆርቆሮ ጎጆ ቀለሰ፤ ያ ቦታ በከተማነት የታቀፈው በ1987 ነው። ፓሪስ ላይ የሕንጻ ገዥ ገንዘቡ በሕግ ደረጃ በደረጃ ሲጠበቅለት፣ በዚያው ባንዲራ ሥር የሚኖረው የሰፈሩ ሰው ግን የቆመበት ምድር ነገ ይፈቀድለት ወይም ይከለከል የሚነግረው አልነበረም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በወደቡ፣ በትራንዚቱ ሥራና በከባድ መኪናው መንገድ የሚኖሩ የጅቡቲ ኢትዮጵያውያን በአዲስ አበባ ገና ያልተሠራ አፓርታማ ይገዛሉ፤ የሚያዩት በስልክ የተላከ ሥዕል ነው፣ የሚሰሙት የሻጩን ወኪል ነው። መንግሥት ራሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. 40/60 ለተባለው የቍጠባ ቤት ዕቅድ ቈጣቢዎችን ሲመዘግብ የተነገረው የቤት ስፋትና በኋላ የተሠራው አንድ አለመሆኑ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ሬኔ ዳቪድ የተባሉት የፓሪስ ሊቅ ያረቀቁት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ነውር ለሌለበት ነገር ዋስ እንዲሆን በአንቀጽ 2287፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም በጽሑፍ እንዲሆን በአንቀጽ 2877 ቢያዝም፣ ከፈረንሳይ ሕግ በ7 ዓመት የቀደመ ስለ ሆነ ያን የክፍያ ደረጃ ሊይዝ አልቻለም።

ስለዚህ በካርቲየ 7 ቢስ ተቀምጦ ውል የሚፈርመው ወንድማችን የክፍያውን ደረጃ በውሉ ማስጻፍ አለበት፤ ወለሉ በግድግዳ ውስጥ ተለክቶ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆን፣ ከዚያም ውስጥ የጋራ መተላለፊያው ስንት እንደ ሆነ፣ የግንባታው ፈቃድ ስንት ፎቅ እንደሚፈቅድ፣ ቦታው በባንክ መያዣ የተያዘ መሆን አለመሆኑን ሻጩ በጽሑፍ ሊነግረው ይገባል። ከሁሉም በፊት ግን የአፈሩ ነገር ይቀድማል፤ የከተማ ቦታ ዛሬ በሊዝ የሚሰጥ ሲሆን ለመኖሪያ የሚፈቀደው ዘመን 99 ዓመት ነውና፣ ከዚያ ስንቱ እንደ ቀረ፣ የሊዙ ክፍያም ውዝፍ ያለበት መሆኑ ካልተገለጠ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር አይበቃም። አንቀጽ 2878 ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እስኪጻፍ ድረስ በሦስተኛ ወገን ላይ እንደማይጸና ይደነግጋል፤ በጅቡቲ ያለው ገዥም እስከዚያ ቀን ድረስ በእጁ ያለው ቤት ሳይሆን ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋራ ተሰልፎ የሚጠብቀው የገንዘብ ይገባኛል ጥያቄ ብቻ ነው።